ከሸሕዲ መካ ስንት ሰዓት ነው?



  

የዛሬው ንግግራችን መነሻ አጭር ጥያቄ ናት። ሐጅ የሚነይቱ እናት ወይም አባት ያሏቸው ቤተሰቦች ደጋግመው ያነሷታል፤ በተለይም ጠረፍ ላይ ያሉት፣ ከመተማ፣ ከሸሕዲ፣ ከቋራ። «መካ በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ነው?» ይላሉ። መልሱ ለማንም የሚቀል ይመስላል፦ ከአዲስ አበባ ጅዳ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ። ውሸት የለበትም። ነገር ግን ይህንኑ መልስ ብቻ ይዞ የእናቱን ጉዞ ያዘጋጀ ልጅ ይቸገራል። እናቲቱ የሚሳፈሩት ከቦሌ ቢሆንም የሚነሡት ከሸሕዲ ነውና።

እስቲ ካርታውን እንዘርጋው። ሸሕዲ፣ ገንዳ ውኃ የምንላትም እርሷኑ ነው፣ ከመካ በቀጥታ የአየር መስመር ብትለካ የምትርቀው 1,030 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከመካ 1,380 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ልብ በሉ፤ የሸሕዲው ሐጃጅ ከቤቱ ወጥቶ፣ በጭልጋ አድርጎ ጎንደር፣ ከጎንደር ባሕር ዳር፣ ከዚያም የዐባይን በረሃ ተሻግሮ አዲስ አበባ ሲገባ ወደ 900 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የመኪና መንገድ ጨርሷል። ይህን ሁሉ ለፍቶ ግን ከመካ ያለው ርቀት አልቀነሰም፤ ቤቱ ከነበረበት ይልቅ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቋል! ሰሜን ለመድረስ ደቡብ ወርዷል። ከዚያ በኋላ ነው አውሮፕላኑ 1,410 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን የሚመልሰው። ከጅዳ መካ የቀረችውን 80 ኪሎ ሜትር ያህል ስንጨምርባት ጠቅላላው ጉዞ ወደ 2,400 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ከቀጥታው መስመር ሁለት እጥፍ አልፎ።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ታዲያ ሰማይ ላይ የሚያልፈው ሁለት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። የቀረው አውቶቡስ ነው፣ መናኸሪያ ነው፣ ዘመድ ቤት ማደር ነው፣ ሰልፍ ነው። አቅም ያለው ከጎንደር አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፍሮ በአንድ ሰዓት ገደማ አዲስ አበባ ይገባል። እርሱም ቢሆን መጀመሪያ ከሸሕዲ ጎንደር ያለውን 160 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በመኪና መጨረስ አለበት።

ወገኖቻችን፤ ይህ አገር ለሐጅ መንገድ እንግዳ አይደለም። እንዲያውም መተማ ራሷ ብዙ ነገሯን ያገኘችው ከሐጅ መንገድ ነው። በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መተማን ይዘው የነበሩት ተክሩሮች ናቸው። እነዚህ ሙስሊሞች ከዳርፉርና ከዚያም ማዶ ከምዕራብ አፍሪካ የመጡ ሲሆኑ፣ ብዙዎቹን ከአገራቸው ያስወጣቸው የመካ ናፍቆት ነበር። ገሚሱ ሲሄድ፣ ገሚሱ ሲመለስ መተማ ላይ ቀረ። መሬቱን አረሱ፣ ጥጥ ዘሩ፣ ገበያ አቆሙ። የራሳቸው ሸይኽ ነበራቸው፤ ሸይኹም ከሁለት መንግሥት መካከል ስለሆኑ ለደገኛውም ለግብፅ ሹሞችም ግብር ይከፍሉ ነበር። የሰሊጥና የጥጥ አገር የሆነው የዛሬው ቆላ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የመንገደኛ አገር ነው ማለት ነው።

የእነዚያን ሰዎች ርቀት አስቡት። የዛሬዋ ናይጄሪያ ከተማ ካኖና መተማ በምድር ወገብ ሰሜን ከሞላ ጎደል በአንድ መስመር ላይ ናቸው፤ አንዷ በ12ኛው፣ ሌላዋ በ13ኛው ዲግሪ ላይ። በመካከላቸው ግን 3,000 ኪሎ ሜትር ያህል አለ። ይህን በእግር ነው የሚመጡት። ስንቅ ሲያልቅ ቆመው ያርሳሉ፤ አዝመራው ሲደርስ ሸጠው ይቀጥላሉ። ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ መንገድ ላይ ይቆያል። መንገድ ላይ የተወለደ ልጅ መንገድ ላይ ቁርኣን ይቀራል። መተማ ከደረሱ በኋላም ቀይ ባሕር ዳር ያለችው ሰዋኪን በቀጥታ ብትለካ እንኳ 700 ኪሎ ሜትር ያህል ትቀራለች። በቀን 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ብርቱ እግረኛ ሃያ ሦስት ቀን ይፈጅበታል፤ ያውም መንገዱ ቀጥ ያለ ቢሆን ነበር። ከሰዋኪን ጅዳ ደግሞ 330 ኪሎ ሜትር ያህል የጀልባ ባሕር አለ። ዛሬ ከካኖ ጅዳ የሚበር አውሮፕላን በአራት ሰዓት ተኩል ገደማ ይደርሳል።

ይህን የምናነሳው «የዛሬ ሰው ተመቸው» ለማለት ብቻ አይደለም። በመንገድ ላይ ለሚያልፈው ጊዜ ቦታ የሚሰጡት እነርሱ ነበሩ ለማለት ነው። ሁለት ዓመት እንደሚፈጅ ያውቁ ስለነበር ለሁለት ዓመት ተዘጋጁ። እኛ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው ስለተባልን ለሁለት ሰዓት ተኩል ተዘጋጅተን እንወጣለን።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሥራ የጀመረው በ1938 ዓ.ም ሲሆን በመጀመሪያዎቹ ዓመታትም በሐጅ ወራት ወደ ጅዳ የኪራይ በረራ ያደርግ ነበር። ሰማይም ቢሆን ግን ሁልጊዜ ቀጥ ያለ መንገድ አይሰጥም። ከ1990 ዓ.ም ጦርነት አንሥቶ እስከ 2010 ዓ.ም እርቅ ድረስ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ፣ የኢትዮጵያ አውሮፕላኖች በኤርትራ ሰማይ አያልፉም ነበርና በጅቡቲ በኩል ይዞሩ ነበር። አዲስ አበባና ጅዳ ከቦታቸው አልተነቃነቁም፤ ሰላም ሲጠፋ ግን ተራራቁ። ስንት ሰዓት ነው ተብሎ ሲጠየቅ ከኪሎ ሜትሩ እኩል የሚጠየቀው የመንገዱ ሰላም ነው።

ወደ ዋናው ጉዳያችን የገባነው እዚህ ላይ ነው። ጠረፍ ላይ ላለ ወጣት ካርታው ይፈትነዋል። ከሸሕዲ መተማ ዮሐንስ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ናት። ድልድዩን ሲሻገሩ ገላባት ነው፤ ከዚያ ገዳሪፍ፣ ከሰላ፣ ቀይ ባሕር። አባቶቻችን የሄዱበት መንገድ ይኸው አይደለም ወይ? ደላላውም ይህንኑ ነው የሚለው፦ «አዲስ አበባ ድረስ ምን ያለፋሃል፤ በዚህ በኩል ሁለት ቀን ነው።» ለሥራ የሚሄደውንም፣ ዑምራ አድርጌ እዚያው እቀራለሁ ያለውንም የሚያባብለው በዚህ አጭር መስመር ነው።

መስመሩ አጭር መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም፣ በረመዷን የመጨረሻዎቹ አሥር ቀናት ውስጥ፣ ካርቱም ላይ ጦርነት ተነሣ። የካርቱም አውሮፕላን ማረፊያ በዚያው ቀን የጦር ሜዳ ሆነ። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት መተማ ያየችውን ሁላችንም ሰምተናል፤ ሱዳናዊው፣ ኢትዮጵያዊው፣ የሌላም አገር ሰው ሻንጣውን እየጎተተ ከገላባት ወደ እኛ ይጎርፍ ነበር። ከዚያ የሚሸሸው ሰው ይህን ያህል በሆነበት ድልድይ ተቃራኒውን ይዞ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ ለወላጅ አይነገርም።

የፊቅሂ ሊቃውንት ሐጅ ግዴታ የሚሆንበትን የመቻል ሁኔታ ሲያብራሩ ስንቅና መጓጓዣን ብቻ አይጠቅሱም። የመንገዱን ደኅንነትም ከዚያው ጋር ይቆጥሩታል። መንገዱ ያልተረጋገጠለት ሰው መንገዱ እስኪከፈትለት ይጠብቃል፤ ከግዴታው ሸሸ አይባልም። ሐጅን የሚያህል ሩክን ከመንገድ ደኅንነት ጋር ከተያያዘ፣ ለእንጀራ ብሎ ልጁን በደላላ እጅ ወደ በረሃ የሚልክ አባት በምን ማስረጃ ይልከዋል? ሸሕዲና መተማ ያላችሁ አባቶች፣ ይህን የምንለው ለእናንተ ነው፤ ልጆቹ በየቀኑ የሚያዩት ድንበሩን ነውና ቀድማችሁ ንገሯቸው።

የአገር ውስጡም መንገድ ቢሆን የራሱ ጭንቅ አለው። በ2015 ዓ.ም ክረምት በክልሉ ግጭት ከተነሣ ወዲህ መንገድ በድንገት የተዘጋባቸው ቀናት ጥቂት አይደሉም። ስለዚህ የበረራ ቀኗን ቆጥሮ በዋዜማው ጎንደር መግባት አያዋጣም። የሸሕዲ ቤተሰብ ከበረራው ቀን ቢያንስ አንድ ሳምንት አስቀድሞ አዛውንቱን አዲስ አበባ ቢያደርስ ይሻላል እንላለን። ክትባቱም ቀን ይፈልጋል፤ የማጅራት ገትር ክትባት ሳዑዲ ከመግባት ቢያንስ 10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት። ደግሞ የቆላ ሰው አዲስ አበባ ላይ ይበርደዋል። መንገድ ላይ የአዲስ አበባ ብርድ ያገኘዋልና ጋቢ አትርሱ።

አሁን ርቀቱ በዲናችን ውስጥ ምን ብይን እንዳለው እንይ። የቀደሙት ዑለሞች ጉዞን የለኩት በጊዜም ጭምር ነው። አብዛኞቹ ሊቃውንት፣ የሻፊዒይ፣ የማሊኪይና የሐንበሊይ መዝሀብ፣ ሰላት የሚታጠርበት ርቀት የሁለት ቀን የግመል መንገድ ነው ብለዋል። ይህም በዛሬው ልክ ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። የሐነፊይ መዝሀብ የሦስት ቀን መንገድ ይላል፤ የቀን ጉዞውን በአጭሩ ስለሚቆጥሩት በኪሎ ሜትር ሲተመን ብዙዎቹ ከዚያው አካባቢ ያደርሱታል። እንግዲህ ከሸሕዲ መተማ ዮሐንስ ለንግድ የሚመላለሰው ሰው በዚህ ልኬት ሰላቱን ሙሉውን ይሰግዳል። ጎንደር የሚሄደው ግን ሙሳፊር ነው፤ ማሳጠር የሚጀምረውም ቤቱ ሆኖ ሳይሆን የከተማዋን የመጨረሻ ቤቶች ካለፈ በኋላ ነው።

አውሮፕላንስ? በሰዓት 850 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን የግመሉን ሁለት ቀን በስድስት ደቂቃ ይጨርሰዋል። «ድካም ከሌለ ማሳጠርም የለም» የሚል ሰው አይጠፋም። ዑለሞቻችን ግን ብይኑን ያሠሩት በድካሙ ሳይሆን በርቀቱ ነው። ያን ርቀት በአንድ ሰዓት ያቋረጠውም ሙሳፊር ነው። አዲስ አበባ ላይ በረራ የሚጠብቀው ሐጃጅስ? አራት ቀንና ከዚያ በላይ ልቆይ ብሎ ከነየተ በብዙዎቹ መዝሀቦች ሙሉ ይሰግዳል፤ በሐነፊይ መዝሀብ ገደቡ አሥራ አምስት ቀን ነው። ሁሉም በአካባቢው የለመደውን መዝሀብ አዋቂዎች ጠይቆ ይያዝ እንጂ በሰልፍ ላይ አይከራከር።

የኢሕራሙም ነገር ከፍጥነቱ ጋር የተያያዘ ነው። በግመል ለሚሄድ ሰው ሚቃት የሚያርፍበት ሰፈር ነበር፤ ይታጠባል፣ ይለብሳል፣ ይሰግዳል፣ ይነይታል። በአውሮፕላን ግን በደቂቃ 14 ኪሎ ሜትር ስለሚኬድ ሚቃቱ ጫማ እስኪወልቅ አይጠብቅም። በሐጅ በረራ ላይ ትይዩው ሲቃረብ የአውሮፕላኑ ሠራተኞች ማስታወቅ ልማዳቸው ነው፤ ያኔ መነየትና ተልቢያ ማለት ብቻ ነው መቅረት ያለበት። ልብሱ አዲስ አበባ ላይ ይለበስ። የኢሕራም ልብሱን ለጭነት በሚሰጠው ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ከትቶ ሰማይ ላይ የሚጨነቅ ሰው በየዓመቱ አለ። በቅድሚያ መዲና የሚገባው ግን አይቸኩል፤ እርሱ ኢሕራም የሚያደርገው ከመዲና ሲወጣ ዙል ሑለይፋ ላይ ነው። ሌላም መልካም ነገር አለ፦ ከአዲስ አበባ መካ ያለችው ከሞላ ጎደል በስተሰሜን ስለሆነ፣ ወደ ጅዳ የሚበረው ሰው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ፊቱ ወደ ቂብላ ነው። ሲመለስ ነው ጀርባው የሚሆነው።

ትኬቱን ደግሞ ልጆች አንብቡላቸው። ትኬት ላይ 08:00 የሚለው በእኛ አቆጣጠር የጠዋቱ 2 ሰዓት ነው፤ ከቀኑ 8 ሰዓት መስሎት የመጣ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ ስድስት ሰዓት አልፎታል። የሌሊቱ በረራ የባሰ ያሳስታል። «ረቡዕ 01:00» ተብሎ የተጻፈው እኛ ማክሰኞ ሌሊት 7 ሰዓት የምንለው ነው። ረቡዕ ማታ የሄደ ሰው በረራው ካለፈ ቆይቷል። የሚገርመው፣ ትኬቱ እዚህ ላይ ከሂጅራው አቆጣጠር ጋር ይስማማል፤ በዲናችን ሌሊቱ ቀኑን ይቀድማልና ያ ሌሊት የረቡዕ ሌሊት ነው።

ሰዓት ካነሣን ዘንድ ርቀት በሰዓት የሚገለጥበት ሌላም መንገድ አለ፤ ይኸኛው ቤቱ የተቀመጠውንም ይመለከታል። ፀሐይ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አንዷን ዲግሪ ለማለፍ አራት ደቂቃ ይፈጅባታል። ሸሕዲ ከመካ ወደ ምዕራብ ሦስት ዲግሪ ተኩል ገደማ ፈቀቅ ስላለች፣ ዙህር መካ ላይ ከገባ ከ14 ደቂቃ ያህል በኋላ ነው ሸሕዲ ላይ የሚገባው፤ የሁለቱም ግድግዳ ላይ ያለው ሰዓት ግን አንድ ነው። ከአዲስ አበባ ጋርም ልዩነት አለ። አዲስ አበባ ከሸሕዲ በምሥራቅ በኩል ስለሆነች ፀሐይ ቀድማ የምትጠልቀው እዚያ ነው። ልዩነቱ በስሌት በአማካይ 9 ደቂቃ ያህል ነው፤ በሰኔ አካባቢ ወደ 16 ደቂቃ ይሰፋል፣ በታኅሣሥ ይጠባል።

ስለዚህ በረመዷን ሬዲዮ ከፍቶ የአዲስ አበባን የመግሪብ አዛን እየጠበቀ የሚያፈጥር የሸሕዲ ወይም የመተማ ቤተሰብ ካለ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ ቴምሩን አንሥቷል ማለት ነው። የዋለውን ጾም የሚያበላሽ ነገር ነውና አይቀለድበትም። ወደ ምዕራብ፣ ወደ ገላባት በኩል ያለውን አድማስ ተመልከቱ፤ ወይም የመስጂዳችሁን ሙአዚን ጠብቁ። የጎንደር የጊዜ ሰሌዳ ያላችሁም አራት ደቂቃ ያህል ጨምሩበት። በእኛ ፕሮግራም ላይ የምትሰሙት አዛንም የአዲስ አበባ ነው።